ያልተመዘገበችው ካርድ

ይገዙ ስለዚያ ዘመን ሲያነሣ፣ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መስኮት ነው። በ1964 ዓ.ም. የግድቡ መሥሪያ ቤት ኮልፌ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። እዚያ እሱና ሃጂራ የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ በወፍራም ካርዶች ላይ ይበሱ ነበር። ኮምፒዩተሩ ራሱ መሃል ከተማ ነው፤ ይህን ያህል ዝናብ ሲጥል የግድቡ በር ምን ያህል ይከፈት የሚለውን ያሰላል። ከግድቡ በታች ደግሞ ሰው አለ፣ ከብት አለ።

ስለዚህ ሕጉ ቀልድ አያውቅም። አንዱን ጽሑፍ ሁለቱም ለየብቻ፣ ሳይተያዩ ይበሱታል። ከዚያ ካርድ በካርድ ደርበው በመስኮቱ ወደ ፀሐይ ያነሡታል። ብርሃን በሁሉም ቀዳዳ ካለፈ ተስማሙ ማለት ነው፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ አንዲት ከጠቆረች እንደገና ነው። የተለወጠ ነገር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ባለፈው ዓመት ዝናብም ይፈተናል። እንዲያ ያለ ሥራ ዛሬ የት ይገኛል!

ሰኔ ማለቂያ ላይ አለቃቸው ኢንጂነር ሰብስቤ ማታ ብቻውን ሲመረምራቸው ያመሸውን ካርዶች ጠዋት ሊወስድ መጣ። አሥር ዓመት ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው። ይገዙ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ማቋረጡን ከሰማ ወዲህ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ይገዙ ከመፈረሙ በፊት ካርዶቹን ሲያነሣ አንዷ ጠቆረች። አሥራ ሦስት የነበረው ቁጥር አሥራ ሁለት ሆኗል። ቁጥሩ የምን እንደሆነ አያውቅም።

«ይቺን ማን ነካት?»

«እኔ። ስሕተታችሁን አረምኩላችሁ። ፈርም፣ መኪና ይጠብቃል።»

«መዝገቡ ላይ የለችም።»

«አንዲት ካርድ እኮ ናት!»

«አንዲትም ብትሆን ትፈተናለች።»

«አንተ ቀዳዳ ቆጣሪ! ካልፈረምክ ነገ የሚፈርም ሰው እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ።»

ይገዙ አራት ልጆቹ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ልቡን ያደነደነው ከወንዙ ዳር ሰው ይልቅ ያቺ ስድብ ነበረች። ብዕሩን አስቀመጠ። ሃጂራም የሷን አጠገቡ አስቀመጠችና፣ «እንግዲያ ሁለት ሰው ይፈልጉ፣ ኢንጂነር» አለች።

ሰብስቤ በሩን አላትሞ ወጣ። ግን ሁለት ፊርማ የሌለውን ካርድ መሃል ከተማ ያሉት አይቀበሉም። ወደደም ጠላም አስፈተነው።

በማግስቱ ፊቱ ተለዋውጦ፣ የውጤቱን ወረቀት ይዞ መጣ። ነሐሴ ሠላሳ በሩ ተከፍቷል። መስከረም አንድም ተከፍቷል። መሃሉ ባዶ ነው። ባለፈው ዓመት ውኃው ከሁሉ ቀን ይልቅ የበረታው ጳጉሜ ሁለት ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን ወር አሥራ ሁለት ብቻ ነው ተብሎ ስለተነገረው፣ በዚያ ሁሉ ጎርፍ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል።

«ውይ፣ ኢንጂነር! እዚያ አገር ጳጉሜ የለም ለካ!» አለች ሃጂራ።

ሰብስቤ አሥራ ሦስቱን መለሰ። ፈተናው ተደገመ፤ በሩ ተከፈተ።

«አሁንስ ትፈርማለህ?»

«መጀመሪያ እርስዎ ይፈርሙ፤ የነኳት እርስዎ ነዎት።»

ፈረመ። ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም።

ክረምቱ በሰላም አለፈና የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ለኢንጂነር ሰብስቤ ብቻ። ይገዙ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ። «ስሜን እንኳ! ስሜን ቢጽፉት ቀለም ያልቅባቸዋል?»

«ጋሽ ይገዙ» አለች ሃጂራ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ሰው ሰምጦ ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት የእርስዎን ስም ነበር።»