የመሃለኛው እጅ

«ባለ ሁለት እጁ ጨብጦ ያልፋል። ባለ ሦስት እጁ ግን ይዞህ ይቀራል።»

«መሃለኛው እጅስ?»

«እሱማ እንቅልፋም ነው፤ ወንድሞቹ ከግራ ከቀኝ ከልለውት ማን ይደርስበታል? የነቃ ቀን ግን አምላክህን ጥራ።»

ከሃያ ዓመት በፊት፣ በህንድ አገር አንክሌሽዋር ከተማ በምሠራበት ሙጫ ፋብሪካ፣ ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማሁት ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ፣ ማን እንደሳቀ ረስቼዋለሁ። ትርጉሙን በኋላ ከተዋስኩት መጽሐፍ አገኘሁት።

መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሁለተኛው ጋን ፖሊስተር የሚባለው ሙጫ እየተቀቀለ ነበር። አሲዱና ግላይኮሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ክር ይረዝማሉ። እኔ ማማሰያውን እጠብቃለሁ። ከመሰላሉ ሥር የተጣሉትን ባዶ በርሜሎች አየሁ። ሁለቱ ላይ «ግላይኮል» ሳይሆን «ግሊሰሪን» ይላል።

እኛ ዘንድ ግላይኮልም ግሊሰሪንም «ጣፋጩ» ነው፤ የድሮዎቹ በምላስ ጫፍ ይለዩት ስለነበር። አለቃችን ጃስቫንትብሃይ ረዳቱን ማገንን «ጣፋጩን ጨምር» አለው፤ ማገንም ጣፋጩን ጨመረ።

ግላይኮል ባለ ሁለት እጅ ነው። ግሊሰሪን ሦስት አለው፤ የዳርና ዳሮቹ ፈጣኖች፣ የመሃሉ ዘገምተኛ። ለዚህ ነው እስከዚያ ሰዓት ሁሉም ደህና የመሰለው። መሃለኛው መያዝ ሲጀምር ክሩ መረብ ይሆናል፤ ጋኑን የሞላ፣ እሳት የማያቀልጠው አንድ ድንጋይ።

የሥራ ባልደረባችን ኬሻቭ የሞተው እንዲህ ያለውን ድንጋይ በመሮ ሊፈለፍል ጋኑ ውስጥ ገብቶ ነው። ትነቱ አፍኖት በገመድ ጎትተን አወጣነው። አሁን በጋኑ ጠባብ አፍ የሚያልፍ ቀጭን ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ጃስቫንትብሃይ፣ እሳቱ ይዘጋ!»

«ምን ነካህ ዳህያብሃይ? ናሙናው ኩልል ያለ ነው።»

«የገባው ግሊሰሪን ነው።»

«ጣፋጭ ነው እኮ!» አለ ማገን። «ቀምሼዋለሁ!»

አለቃው ወደ በርሜሎቹ ዞሮ አየ። «አሁን ባቆመው ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው። ደግሞ አንተ የትኛው ኮሌጅ ተምረህ ነው?»

«ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ሥር።»

ማገን ሊስቅ አለና ተወው። የማማሰያው ሞተር ድምፁን ለውጦ ነበር፤ ዜማው ቀርቶ ማቃሰት ጀምሯል። በልቤ ራም፣ ራም እያልኩ አምላኬን እጠራለሁ።

«በጋኑ መስታወት ወደ ውስጥ ይዩ» አልኩት።

አጎንብሶ አየ። ሙጫው የማማሰያው ዘንግ ላይ እንደ እባብ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይወጣል። ቀና ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው፣ ኬሻቭን ካወጣንበት ገመድ ላይ አረፈ።

«አንተንስ አላስገባህም» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ማንን ያስገባሉ?»

ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠ።

«እሺ፤ ዝጋው» አለኝ። «ማገን፣ ግላይኮል አምጣ፤ ጣፋጩን አላልኩህም፣ ስሙን አንብበህ! ቀስ እያልክ ጨምር፣ መረቡን ይፍታው። ጥፋቱን በመዝገቡ ላይ በስሜ እጽፈዋለሁ።»