ደብተሩ ያልቆጠረው
በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ አሰላ ውስጥ፣ እማማ ሀሊሜ የልጅ ልጃቸውን የከሊፋን በውርወራ ብዛት የታመመ ቀኝ ክንድ በቅቤ ሲያሹ፣ ቤዝቦል የሚባለውን፣ አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ የሚያሠለጥነው ፈረንጅ መምህር ደብተሩን ታቅፎ ገባ።

"እማማ፣ ከሊፋ በሦስት ዓመት መቶ አርባ መቺዎችን ኳስ ሳያስነካ አስወጥቷል። የበቆጂው ወርዋሪ ግን ሰባ፣ የሮቤው ስድሳ ብቻ። ቅዳሜ ካልወረወረ እንሸነፋለን።"

"ቆጠራስ ታውቅበታለህ። አንድ ቁና ጤፍ ብሰጥህ አንዷም ፍሬ አታመልጥህም" አሉት።

ወዲያው ገንፎ አቀረቡላቸው። የከሊፋ ቀኝ እጅ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለ። እንግዳ ፊት በግራው መጉረስ ነውር ሆኖበት አቀረቀረ።

"አሥራ አንድ ቀን ተደብቆ በግራው በላ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ" አሉ እማማ። " ይሄ የትኛው ገጽ ላይ ነው? የበቆጂው ልጅስ በየትኛው እጁ ይጎርሳል? እሱንም አወዳድርልኝ እንጂ።"

መምህሩ ደብተሩን ገላለጠ። "አልጻፍኩም" አለ።

"እንግዲያው ቅዳሜ ላይ ዜሮ ጻፍለት።"

እስኪጽፍ ቆመው ጠበቁት። ከዚያ ጢም ላበቀለው የልጅ ልጃቸው ገንፎውን ያጎርሱት ጀመር።