አጭሶ የማያውቅ ሰው

ደግሞስ ቬፕ፣ ያ በባትሪ የሚሠራው፣ ማጨስ ነው እንዴ፣ ማጨስ ማለት አያቷ ዶን ፊደንሲዮ ያደርጉት የነበረው ነው፣ ቢጫ ጣት፣ እሳት የበሳሳው ሸሚዝ፣ መጨረሻ ላይ ከአልጋው አጠገብ የቆመ ኦክስጅን፣ ያሬሊ የምትስበው እንፋሎት ነው፣ ማንጎ ማንጎ የሚል እንፋሎት፣ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ውስጥ ሁሉም ይስበዋል፣ ቀና ብሎ የሚያይ እንኳ የለም። ስለዚህ አልዋሸችም። ጠዋት እናቷ ኦቲሊያ፣ አንቺ አጭሰሽ አታውቂም አይደል፣ ስትላት፣ ኧረ አላውቅም እማ፣ አለች፣ እውነቷን ነው። እውነቷን መሰላት።

የሙታን ቀን ነው፣ የሞቱት ለአንድ ሌሊት ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት፣ ሳሎኑ ጥግ ለሟቹ አያቷ ማዕድ ተዘርግቷል፣ ፎቷቸው፣ ጨው፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ብርቱካናማው አበባ፣ የቀረው ሲጋራቸው ብቻ፣ የገደላቸው ሲጋራ፣ ምን ይደረግ፣ የሚቀርበው የወደዱት ነው። በእነያሬሊ ቤት ሲጋራውን የሚለኩሰው አጭሶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ንጹሕ ሳንባ፣ አንዴ ስቦ ትን ሲለው ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ ሽማግሌው ሳቁን ሰምተው ይመጣሉ። ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው።

የአክስቷ ልጅ ኡባልዶማ አይሆንም፣ በረንዳው ላይ በግልጽ ሲጋራ ሲያቦንን ቆይቶ መግባቱ ነው፣ አክስቷ ምን ላድርገው ወንድ አይደል ትላለች፣ ሴት ስትሆን ግን፣ ኤጭ፣ ባለጌ፣ አሳዳጊ የበደላት፣ ቬፕ ለሴት ልጅ ነው የተሠራው፣ ሲጋራ ሲጋራ አይሸት፣ አመድ የለው፣ እጅጌ ውስጥ ይገባል። ኡባልዶ ያውቃል። ጠጋ ብሎ፣ እመቤቴ፣ ማሳል እንዳትረሺ፣ ይላታል። አፍህን ዝጋ፣ ትለዋለች። እኔ ምን አልኩ፣ ለጤናሽ ብዬ ነው።

አዎ፣ ማሳል፣ ቀላል ነው፣ ጭሱን አፏ ውስጥ ታቆየዋለች፣ አትውጠውም፣ ከዚያ እህ እህ፣ አለቀ።

እናቷ ክብሪት ትጭራለች። ይቺ ሴት አባቷን እያገላበጠች ያስታመመች ናት፣ ትንፋሻቸው መኖሩን ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጥ ነበር፣ ከቀብር መልስ፣ ቢያንስ የማታጨሺው አንቺ አለሽልኝ፣ ያለችው ያሬሊን ነው፣ ያ ቃል እንዳይሰበር፣ ሌላው ሁሉ ይሁን፣ እሱ ብቻ እንዳይሰበር። በይ የኔ ንጹሕ፣ ለአያትሽ፣ ትላለች እናቷ።

ያሬሊ ትስባለች፣ ደረቷ ይቀድማታል፣ የለመደ ደረት ነው፣ ጭሱን ወደ ታች ይወስዳል፣ ያቆያል፣ ቀስ አድርጎ በአፍንጫዋ ይለቀዋል። ሁሉም ሊስቁ ተዘጋጅተዋል። የሚሳቅ ነገር የለም። እህ፣ ትላለች ዘግይታ፣ እህ እህ።

ተይው፣ ይበቃል።

እናቷ አትጮህም፣ ምናለ ብትጮህ፣ ሲጋራውን ተቀብላ መተርኮሻው ላይ አስተካክላ ታስቀምጣለች፣ ለአባቴ እኔ አስቀመጥኩለት፣ ልጅ ለወላጁ ወግ ነው፣ ላንቺም እኔ ላስቀምጥልሽ?

ማጨስ እኮ አይደለም እማ፣ እንፋሎት ነው፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፣ እናቷ ግን የምታየው ፎቶውን ነው፣ እሷን አይደለም፣ ያሬሊ ታፍራለች፣ ፊቷ እስኪግል ታፍራለች፣ ማንም አምጪ አላላትም፣ እጇ ራሱ እጅጌዋ ውስጥ ይገባል፣ የእናቷን የተጨበጠ መዳፍ ጣት በጣት ትከፍታለች፣ ቬፑን እዚያ ታስቀምጠዋለች።

ሌላም አለ እማ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አብረሽኝ ነይ፣ ብቻዬን ከሄድኩ አላመጣውም።