የጋሼ ይሻው ካምቢዮ

ሞተሩ ሳይነሣ የተቃጠለ መኪና አይተህ ታውቃለህ? አላየሁም ካልህ አይፈረድብህም፤ ደብረ ታቦር ውስጥም አየሁ የሚል ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያላየኸውን ሁሉ የለም ብለህ ሰው በአደባባይ ሲዋረድ እጅህን አጣጥፈህ ከቆምህ፣ ጥፋቱ የአንተም ነው።

ሙሉቀን እንዲህ ነው የተዋረደው። ባሕር ዳር መካኒክነት ተምሮ፣ እዚያው ጥቂት አስተምሮ፣ መፍቻ ሳያስጨብጡ በሥዕል ብቻ ማስተማር ውሸት ነው ብሎ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ የወጣ ሰው ነው። ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ ከፈተ። እጁ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን መጥፎ። የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው ደሙ ይፈላል፤ ግማሹን በሥራ፣ ግማሹን በስድብ ይመልሳል።

ጋሼ ይሻው ደግሞ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሱ ሾፌር ናቸው። ስኳር ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ካስቆረጣቸው ወዲህ ሰው ካላሳፈራቸው ከደጃፋቸው አይርቁም ነበር። ስንቱን መንገደኛ ከአገር አገር ያደረሱ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም የሰው ፊት ማየት መረራቸው። ስለዚህ የራሳቸውን መኪና በግቢያቸው ሊሠሩ ተነሡ። ሻንሲዋ ከአሮጌ ፒክአፕ መጣ። ጋቢናዋ ከላሜራ ተበየደ። ሞተሩና ካምቢዮው ይፋግ አጠገብ ተገልብጣ ከቀረች የቤት መኪና ተፈቱ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ ሌላ ሊሆንም አይችልም። ፍሪሲዮን የሚረግጥ ግራ እግር የላቸውማ።

ከተማው በዚህ ብዙ ሳቀ። «ማርሹን ራሱ የሚቀይር ከሆነ፣ ነገ ዳገቱን አልወጣም ሲል ማን ይለምነዋል?» ይሉ ነበር ሻይ ቤት የተቀመጡት። ሥራውን የተቀበለው ሙሉቀን ግን ያን አሮጌ ካምቢዮ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታው። እያንዳንዷን ቁራጭ አጠበ፣ የተበላውን ለየ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ከአዲስ አበባ አስመጣ፣ አዳዲሶቹን ዲስኮች ዘይት እስኪጠግቡ ዘፍዝፎ ገጠማቸው። መኪናዋ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳትንገራገጭ ወጣች። ጋሼ ይሻው ጥሩምባ እየነፉ ከተማውን ዞሩ።

ሰሌዳ የሚሰጡት መርማሪዎች ከባሕር ዳር የመጡ ዕለት ግን የፍተሻው ሜዳ እንደ ደረሰች ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው አልዞርም አለ። ሙሉቀን ካምቢዮውን አውርዶ ከፈተው። ቀይ የነበረው ዘይት እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ዲስኮቹ ከስለዋል። ዕቃ የሸጠለትን ነጋዴ እየረገመ እንደገና ከዜሮ ሠራው። መኪናዋ ሄደች፣ ደስ አለ። መርማሪዎቹ ተመልሰው ሲመጡ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ያው ሆነ።

«ለመጨረሻ ጊዜ እንመጣለን» አለ አንደኛው መርማሪ። «ያኔም ካልተንቀሳቀሰች ቁርጥራጭ ብረት ናት፤ መንገድ ላይ እንዳናያት።»

ጋሼ ይሻው ከጋቢናው በምርኩዝ ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጣታቸውን ወደ ሙሉቀን ቀሰሩ።

«ይኸ ሰው ካምቢዮ አያውቅም» አሉ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ። «አታለለኝ። መኪና ያላችሁ ከዚህ ሰው ጋራዥ አውጡ።»

የዕድሩ ዳኛ አቶ አያሌው አጠገባቸው ቆመው ነበር። ከዘራቸውን አፈሩ ላይ እያሽከረከሩ ዝም አሉ። ይህችን ዝምታ አንባቢ ልብ ይበል።

በማግሥቱ ደንበኞች መኪናቸውን ሊያወጡ እያፈሩ መጡ። አንዱ ዘመድ ታሞብኝ ነው አለ፣ አንዱ ወደ ሐሙሲት ልሄድ ነው አለ። ባለ ባጃጁ ማሬ እንኳ «ለጊዜው እንዲሁ ይበቃኛል» ብሎ፣ ፍሬን የሌላትን ባጃጅ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ጋራዡ ባዶ ቀረ። ሙሉቀን የመፍቻ ሣጥኑን አነሣና ወደ ጋሼ ይሻው ግቢ ሄደ። ካምቢዮው ለምን እንደሚቃጠል ሳያውቅ ቢቀር፣ በዚህ ከተማ የሚኖርበት ስም አይኖረውም።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አሉት ጋሼ ይሻው ከበረንዳው።

«ካምቢዮው ዘይት ሳይደርሰው ተሽከርክሯል። እርስዎ በሌሉበት ማን ነዳት?»

«ማን ይነዳታል? ሁለቱንም ጊዜ ከምርመራው በፊት ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ከርሜ ነው የመጣሁ። ቁልፉ ከቤት አልወጣም።»

«እና ቆማ ተቃጠለች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የተማርኸው አንተ ነህ።»

ሙሉቀን ከመኪናዋ ሥር ገባ። በንዴት የጀመረው ብሎን ሁሉ እጁን ላጠው። ካምቢዮው ሲላቀቅ ከኋላዋ የጭነት ወለልና ከሻንሲዋ መካከል አንድ እንጨት ተንሸራቶ ደረቱ ላይ ወደቀ። የድንኳን ካስማ ነው። ጫፉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከተማው ውስጥ ዕቃውን ከሌላ ዕድር እንዳይደባለቅበት በቀይ የሚቀባው የአቶ አያሌው ዕድር ብቻ ነው። ሙሉቀን ወጥቶ የፊት መንጠቆዋን አየ፤ ቀለሙን ሰንሰለት ልጦታል።

የጋሼ ይሻው ባለቤት እትዬ ጽጌ ጓሮ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ካስማውን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ቀስ በል፣ ይሰማል» አሉ ወደ በረንዳው እያዩ።

«ማን ወሰዳት?»

«ዕድሩ ነው። የጭነት መኪናው ነዳጅ ወረፋ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሬሳው ጋሳይ ተጋድሟል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ መሄድ ነበረበት። አቶ አያሌው መጥተው ቁልፉን ለመኑኝ። ዕድር ሲለምን እምቢ ይባላል? ደግሞ ሞተሩን አልነኩትም። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገው በትራክተር ጎተቷት። ጠብታ ቤንዚን አልፈጀንም ብለው ቁልፉን መለሱልኝ።»

«ሁለቴ?»

«ሞት አንድ ቤት ብቻ ይገባል እንዴ?»

ሙሉቀን እዚያው ጎመኑ መደብ ላይ ተቀመጠ። ጋሳይ ደርሶ መልስ፣ ድንኳን ተጭኖ፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ሁለት ጊዜ።

«እና እኔ ሜዳ ላይ ስሰደብ ዝም አሉ? እሺ እርስዎ ባልዎን ፈሩ፤ እሳቸውስ?»

«ጥፋት መሆኑን ማን ያውቃል? አንተስ መች ነገርኸን?» እትዬ ጽጌም ተቆጡ። «ካምቢዮውን ዘርግተህ ስትሠራ አቶ አያሌው መጥተው ‹መንገድ ላይ ብትቆም መጎተት ይቻላል ወይ› ብለው ጠይቀውህ ነበር። ምን አልኻቸው?»

ሙሉቀን አስታወሰ። «እርስዎ በቅሎዎን ይጎትቱ» ነበር ያለው። ጋራዡ በሳቅ ተናግቶ ነበር። አቶ አያሌው ግን አልሳቁም።

ወሬው በአጥር ዘለለ መሰል፣ ቅዳሜ አቶ አያሌው ራሳቸው ወደ ጋራዡ መጡ።

«በሽማግሌ እንጨርሰው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለይሻው እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ዲስኩንም ዕድሩ ይገዛል። ለቀስተኛ ሲባል የተደረገ ነው፤ የዕድሩ ስም በሰው ፊት ባይነሣ።»

«የእኔ ስም ተነሥቶ የለም ወይ?»

«አንተ ወጣት ነህ፤ ይረሳል።»

«እኔ አልረሳውም» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ዲስክ መዘፍዘፍ ቀጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድርተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ፣ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። አቶ አያሌው ስለ ድንኳን እድሳት ሊናገሩ ሲነሡ ሙሉቀን ቀደማቸው። ጠረጴዛው ላይ የከሰለ ዲስክ አስቀመጠ፤ ከጎኑ ባለ ቀይ ጫፉን ካስማ።

«ዛሬ የተያዘው ጉዳይ ሌላ ነው» አሉ አቶ አያሌው።

«የእኔን ሳይሰሙ ወደ ሌላው አይሄዱም።» ሙሉቀን ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይህ ካስማ የተገኘው ከጋሼ ይሻው መኪና ሆድ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ አይጎተትም። ጎማው ሲዞር ውስጡ ያለው ጥርስ ይዞራል፤ ዘይት የሚያድለው ፓምፕ ግን ሞተሩ ካልተነሣ አይዞርም። በደረቁ ይፋጫል፣ ይቃጠላል። ይህን አቶ አያሌው ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ መልስ በመስጠት ፈንታ ሰደብኋቸው። በሰው ፊት ነው የሰደብሁ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እላለሁ።»

ጋሼ ይሻው ካስማውን አዩ፤ ቀጥሎ ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ዞረው እትዬ ጽጌን አዩ። እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጋሼ ይሻው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«አያሌው» አሉ፣ «መኪናዬን ጎትተኻታል?»

«ይሻው፣ ተቀመጥ፤ ቤት ሄደን እንነጋገራለን» አሉ አቶ አያሌው።

«ቤት የለም» አለ ሙሉቀን። «የእኔን ዕዳ ከፍያለሁ። መርማሪዎቹ ሲመለሱ ካምቢዮው ይሠራል፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው። እርስዎ ግን ሜዳው ላይ አታላይ ስባል ከጋሼ ይሻው ጎን ቆመው ነበር። መኪናዋን ማን እንዳስጎተተ ያውቁ ነበር፤ አፍዎን ግን አልከፈቱም። ስሜ የጠፋው በአደባባይ ነው። አሁን አቶ አያሌው፣ በሽማግሌ ሳይሆን፣ በጓሮ ሳይሆን፣ እዚህ ጥድ ሥር፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ለምን ዝም እንዳሉ ይመልሱልኝ።»