የመምህሩ ስህተት

«እዚህ ጋ የነበረው የት ሄደ?» አለች እህቲቱ፣ ጣቷን ገጹ ላይ እንደተከለች።

መጽሐፉን ለኅትመት ያዘጋጀው ወጣት መምህር ወደ ገጹ ጎንበስ አለ። ፊርማዋን ብቻ የሚጠብቀው ይህ መጽሐፍ የሟች ወንድሟ የሃያ ስድስት ዓመት ትምህርት ነው። ፕሮፌሰሩ በሰው አገር የእስያን ሃይማኖቶችና ሰብአዊ መብትን ሲያስተምር ኖሮ፣ አምና ልጅ ሳይተካ አረፈ። ስሙን የሚያስጠራለት ይኸው ወረቀት ነው። እሷ አብራው የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። እሁድ እሁድ ትምህርቱን ጮክ ብሎ ሲያነብላት እየዘመዘመች ትሰማው ነበር። የጎደለውንም ያወቀችው ከዓይኗ ይልቅ በጆሮዋ ነው።

«የመነኩሴው ታሪክ ነበር እዚህ።»

«እትዬ...» አለ ወጣቱ። ይህችን ቃል ከፕሮፌሰሩ አፍ ነው የለቀማት። «አውጥቼዋለሁ። አሥራ አራቱንም።»

«አሥራ አራቱንም ምን?»

«ስህተቶቹን።»

ፕሮፌሰሩ ተማሪ ያረመውን ስህተት አይሰርዝም ነበር። በኅዳጉ ላይ «እዚህ ጋ ተሳስቼ ነበር» ብሎ፣ ያረመውን ሰው ስም ይጽፍና በየዓመቱ ትምህርቱን ከዚያ ይጀምራል። የቡድሃ መነኮሳት በየበሩ እየዞሩ ይለምናሉ ብሎ ለዓመታት አስተምሯል። አንድ ቀን፣ በልጅነቱ መንኩሶ የነበረ ተማሪ ከኋላ እጁን አወጣ። «እኛ አንለምንም» አለው። «ሳህናችንን ይዘን ዝም ብለን እንቆማለን። የሰጠ ይሰጣል፤ ካልሰጠም እናልፋለን።»

ያ ተማሪ አሁን ከፊቷ የተቀመጠው ወጣት ነው።

«አንተው አርመህ አንተው ትደብቃለህ?»

«የመምህሬን ገመና በገዛ እጄ ላሳትም? የሚያውቁትስ ይሁን፣ የማያውቁት ይስቁበታል።»

«ይሳቁዋ! እሱስ መቼ ሳይስቅ አወራው? ‹ስለ ሰው ክብር ላስተምር ገብቼ፣ ክብሩን ጠብቆ የቆመውን ለማኝ አልኩት› እያለ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። ያን ቀን እቤት ሲገባ ሹመት ያገኘ ነው የመሰለኝ።»

«ቢሆንም ነውር ነው፣ እትዬ።»

«ስማኝ ልጄ። ደንበኛ ልብሱን ከላይ ያያል፤ ልብስ ሰፊ ግን ገልብጦ ነው የሚያየው። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ገልብጦ ሲያሳይ የኖረውን፣ አንተ ገበር ልትሰፋበት ነው?»

ወጣቱን ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ግን የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዛሬ ካላደረስን ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ማን ያውቃል።»

እህቲቱ ሽፋኑን ገለጥ አድርጋ የወንድሟን ስም አየች። ይህን ስም እንዲህ በትልቁ ተጽፎ ለማየት ዓመት ሙሉ ስትጓጓ ከርማለች። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ የፊርማውን ወረቀት ወደ ጎን ገፍታ፣ ከመደርደሪያው የወንድሟን የእጅ ጽሑፍ አወረደችና መነጽሯን አስተካከለች።

«እኔ ላንብብ፣ አንተ ጻፍ» አለችው። «መጀመሪያ ያንተን ስም።»