ወባን ለመጨረሻ

የጥናቱን ቅደም ተከተል ያወጣችው ኤናም ናት። ቀዶ ሕክምናን አስቀደመች፤ እርሷን የሚያስፈራት እርሱ ነበርና። የውስጥ ደዌን አስከተለች፤ ከዚያ ወሊድን፣ ከዚያ ሕፃናትን። ወባን ከሁሉ በታች አኖረቻት።

ሴሎርም አይቶ ሳቀ። «ደግ አደረግሽ። ወባ እኮ ቤተኛ ናት። እኔን ሳልጠመቅ ነው የነከሰችኝ።»

ሁለቱም ሕክምናን ሩሲያ ተምረው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ሆ የተመለሱ ናቸው። እዚያ ስድስት ክረምት የሳንባ ምችና የልብ ድካም ሲያዩ ኖረዋል፤ ወባ የያዘው ሕፃን ግን አንድም አላከሙም። የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናውን ሳያልፉ በጋና ምድር በሽተኛ መንካት አይፈቀድላቸውም። ሴሎርም አንድ ጊዜ ወድቋል። ዘንድሮም ከወደቀ በአጎቱ ሲሚንቶ መደብር እንዲቀመጥ ቤተ ዘመዱ ቆርጧል።

በኤናም እናት በረንዳ ሲያጠኑ አንድ ውል ነበራቸው፤ አንዱ ቀብር ሲሄድ ሌላው አዲስ ርዕስ አይከፍትም፣ ያለፈውን ይከልሳል እንጂ። ቅዳሜ ያለ ቀብር በማያልፍበት አገር፣ ያለዚህ ውል እኩል መራመድ አይቻልም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ የሴሎርም አያት ወንድም ተቀበሩ። ወባ ገና አልተነካችም። ሴሎርም ቀይና ጥቁር ኩታውን ትከሻው ላይ እየጣለ፣ «እህቴ፣ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ» አላት።

«ሂድ፣ ኤፎ። ከቀዶ ሕክምና ወዴት እሄዳለሁ?» በዕድሜ ስለሚበልጣት ኤፎ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ትለዋለች።

ከቀትር በኋላ ወባን ከፈተች። አየት አድርጋ ልትዘጋ ነበር፤ አልቻለችም። ራሱን ለሳተ ሕፃን የደሙ ስኳር ሳይለካ እንደማይታደር አታውቅም ነበር። ትንሽ ልጅ በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂው የበለጠ መድኃኒት እንደሚወጋም አታውቅም ነበር። ቤተኛ ያሏት ባዕድ ሆና አገኘቻት። ጀንበር እስክትጠልቅ አጠናች።

ሴሎርም በቅጠል የተጠቀለለ የፍየል ሥጋ ይዞ ተመለሰ። «ለመጽሐፍ ጠባቂዋ ብለው ዘመዶቼ የላኩት ነው። ‹ያቺ ልጅ ባትኖር አንተ ዘንድሮም ትወድቅ ነበር› አሉኝ፤ ያውም በሬሳው ፊት! ምን አነበብሽ?»

ብትነግረው ምሽቱ ወባን ለእርሱ ስታስረዳ ሊያልቅ ነው፤ እርሷ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው የአንጀት መታጠፍን ገና አልጨረሰችም።

«ቀዶ ሕክምናን ከለስኩ።»

«ጎበዝ። ወባን ነገ አውቶቡስ ላይ እየተሳሳቅን እናጠናታለን።»

ሥጋውን በላችለት።

እሑድ ለፈተናው ወደ አክራ ሲጓዙ ግን የቀብሩ ድካም ጣለው፤ ገና ከሆ ሳይርቁ እንቅልፍ ወሰደው። ኤናም ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። የቀሰቀሱት የአዶሚ ድልድይ ሻጮች ናቸው። በመስኮቱ አቦሎ የሚሉትን የበቆሎ ዳቦና የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ ገዛ፤ የመጀመሪያውን ለእርሷ ዘረጋ።

«ብዪ። ሐኪም ከሆንሽ በኋላ መንገድ ዳር መብላት ነውር ነው።»

ዳቦውን እንደያዘች ቀረች። «ኤፎ፣ ትናንት ወባን አጥንቻለሁ።»

«ገለጥ ገለጥ አድርገሽ?»

«ሙሉዋን።»

ማኘኩን አቆመ። «እኔ ቀብር ላይ ሳለሁ? ስጠይቅሽ እኮ…»

«ዋሸሁህ። ቀላል አይደለችም። አናውቃትም፣ ኤፎ።»

«ስድስት ዓመት በረዶ ላይ አብረን ተንሸራተናል፤ አንቺ አሁን በደረቅ መንገድ ጣልሽኝ!» ድምፁ ከሞተሩ በለጠ።

ከፊት የተቀመጡ ነጋዴ ሴት ዞሩ። «እናንተ ልጆች፣ ጠብ ከሆነ አክራ ስንደርስ አድርጉት። ሾፌሩ ልቡ ስስ ነው።»

ሴሎርም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣ።

«ማማ እውነታቸውን ነው። ወባን አሁን፤ ጥሉን ከፈተናው በኋላ። ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ከስኳሩ።»

መዳፉ ላይ ጻፈ። እያንዳንዱን ቃል ከአፏ ተቀብሎ ደገመው። ክፖንግ ከተማ ላይ የመድኃኒቱን መጠን ሳተ፤ አፊዬንያ ሲደርሱም ሳተው። ስታርመው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሽት ብቻ ቢያገኝ ኖሮ እንደማይስተው ታውቃለች፤ አእምሮው ከእርሷ ፈጣን ነው። አቦሎው ጭኗ ላይ ቀዝቅዟል።

የአክራ ጣሪያዎች መታየት ጀመሩ።

«ድገሚልኝ» አላት፣ ፊቱን ወደ እርሷ ሳያዞር።