ዳንቴልና ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ያሳደገችው እንደ እናት ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ሁለት፣ እሱ አሥር ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ ዕድሜ ስትቆጥር እሱ ባለበት ቀረ። ቁመቱ አደገ፣ ጢም አወጣ፣ ፀጉሩም ከግንባሩ ሸሸ፤ ሐሳቡና ሣቁ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሐሳብና ሣቅ እንደሆነ ዘለቀ። አርባ ዓመት አልፎትም ሰፈርተኛው የሚጠራው ማሙሽ ብሎ ነው። እሱ እህቱን "እትዬ" ስለሚላት ደንበኛውም ጎረቤቱም እሱን ተከትሎ እትዬ አላት፤ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ጠፋ።

የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነበር። የፊተኛው ክፍል በሩ ወደ መንገድ ስለሚከፈት ስፌት መኪናው፣ መተኮሻ ጠረጴዛውና ደንበኞች የሚታዩበት ረጅሙ መስታወት እዚያ ናቸው። በኋለኛው ክፍል ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና ማብሰያ አለ። የማሙሽ ሥራ ያለቀለትን ልብስ አጣጥፎ በየደንበኛው ቤት ማድረስ ነበር። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የማን ቀሚስ ለማን እንደሚደርስ ሲነግሩት ሦስት ጊዜ ያስደግማል፤ ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢደፋ አይረሳም። እትዬ ማስደገሙን አትወድለትም ነበር። "ምላሴ እስኪላላጥ ልንገርህ?" ትለዋለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ላይ፣ አንድ ቀን ሱሪ አድርሶ ሲመለስ ወፍ ሻጩ ሱቅ በር ላይ ተተክሎ ቀረ። ወፍ ሻጩ ይባል እንጂ ሰውየው ዓሣም ጥንቸልም ይሸጣል። ጊኒ ፒግ የሚሏቸውን፣ ከአይጥ የሚበልጡ ከጥንቸል የሚያንሱ፣ ጅራት የሌላቸው ፍጥረታትም ነበሩት። ማሙሽ ያያቸው እነሱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ በቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልተወራም። ሲተኛ ስለ እነሱ፣ ሲነሣ ስለ እነሱ። እትዬ በመጨረሻ ጆሮዋ ሲዝል እጅ ሰጠች።

ቅዳሜ ጠዋት አብረው ሄዱ። እትዬ ያሰበችው አንዷን አፈፍ አድርገው ለመመለስ ነበር። ማሙሽ ግን ሱቁ ወለል ላይ በደረቱ ተኛና ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ስምንቱን አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ወፍ ሻጩ፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማይለየው ሽበታም ሰው፣ ደስ አለው መሰል አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"ዓይኗን እየው፣ ጥርት ያለ መሆን አለበት" አለው። "አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከኋላዋ ንጹሕ። ስትተነፍስ ድምፅ ካላት ተዋት።"

"ድገምልኝ" አለ ማሙሽ።

ሰውየው ደገመለት። እትዬ ይህ ነገር ቶሎ እንደማያልቅ ገባትና ከመንገዱ ማዶ ክር ልትገዛ ሄደች። ክር መርጣ፣ ከባለሱቋ ጋር ወሬ ጠርቃ ስትመለስ ወንድሟ አሁንም እዚያው በደረቱ ተኝቶ፣ ሰውየውም አሁንም እያስረዳው አገኘቻቸው። ምን እየተባባሉ እንደሆነ ለመስማት አልሞከረችም።

"መረጥክ?"

"ይቺን" አለ፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ ነጭ እያሳያት። "ዳንቴል ናት። ይቺንም። ቁልፍ ናት።" ሁለተኛዋ ቡናማ ናት፤ ዓይኖቿ የካፖርት ቁልፍ ይመስላሉ።

"አንድ ነው ያልኩህ።"

"ለብቻቸው አይሆንላቸውም" አለ ወፍ ሻጩ ጣልቃ ገብቶ። "ለመሸጥ ብዬ እንዳይመስልሽ እህቴ። ጓደኛ ከሌላቸው ይከሳሉ።"

"እኔ አንቺ አለሽኝ" አለ ማሙሽ። "እሷ ማን አላት?"

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ሁለቱን በካርቶን ይዘው ግቢ ሲገቡ አከራይዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። "ሰው አይጥ ከቤቱ ለማስወጣት ስንት ይደክማል፣ እናንተ በገንዘባችሁ ታስገባላችሁ!" አለችና እስኪያስነጥሳት ሣቀች።

ስድስት ዓመት አብረዋቸው ኖሩ። ማሙሽ ከጣውላና ከወንፊት ሽቦ ሰፋ ያለ ቤት ሠራላቸው። ጠዋት እርጥቡን ድርቆሽ አውጥቶ ደረቁን ያነጥፋል፣ ውኃ ይቀይራል፣ በሳምንት አንዴ እትዬ ጨርቅ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ይመዝናቸዋል፤ ጥፍራቸው ሲረዝም ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይቆርጥላቸዋል። የላስቲክ ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ከሰሙ ሁለቱም እንደ ፉጨት ባለ ድምፅ ይጮኻሉ። ከረጢት ማለት ለእነሱ ቃሪያ ማለት ነበርና። የማያቃጥለውን ትልቁን ቃሪያ ማሙሽ በየቀኑ ቁራጭ ቁራጭ ይሰጣቸዋል።

የእህትና የወንድም ጠብም ይኸው ቃሪያ ነበር። እትዬ ለወጥ ብላ ያስቀመጠችውን ታጣዋለች።

"ድርቆሽ እያላቸው ቃሪያ ምን ያደርግላቸዋል?"

"ያስፈልጋቸዋል እትዬ።"

"ማን አለህ?"

"ሰውየው።"

"የቱ ሰውዬ?" ትላለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ስፌቷ ትዞራለች። አንድ ቀን ደንበኛ ሲያናድዳት ውሎ፣ ቃሪያውን ሲያነሣ እጁን መታችው። ማሙሽ የተመታ እጁን በሌላኛው ያዘና "ግማሹን ብቻ ነው የወሰድኩት" አለ።

በሰባተኛው ዓመት ክረምት ዝናቡ አልተወም። ማሙሽ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ራሱ እየበሰበሰ ያደርሳል። ሳል ያዘው። እትዬ እንዳትሰማው ግቢው ጥግ ድረስ ሄዶ ፎጣ አፉ ላይ አድርጎ ይስል እንደነበር የነገረቻት አከራይዋ ናት፤ የነገረቻትም ዘግይታ ነው። እትዬ የዚያን ሰሞን የሙሽሪት አጃቢዎች ልብስ ደርሶባት ቀና ብላ ያየችው ነገር አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ደንበኛ ደጃፍ ወድቆ ሰዎች አንሥተው ሆስፒታል ወሰዱት።

"ሁለቱም ሳንባው ተይዟል" አላት ሐኪሙ። "ምነው እስከዚህ ዝም አላችሁ?"

ስምንት ቀን ተኛ። አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት፣ በየቃሉ እያረፈ ይናገራል። ስለ ራሱ ምንም አልጠየቀም።

"ቃሪያቸውን ሰጠሻቸው?"

"ሰጠሁ" ትለዋለች።

"ለሁለቱም?"

"ለሁለቱም።"

አልሰጠችም። ጠዋት ድርቆሽና የደረቀ ዳቦ ጣል አድርጋላቸው ወደ ሆስፒታል ትሮጥ ነበር። ቃሪያ የወንድሟ የልጅነት አመል ይመስላት ነበር እንጂ ሌላ ነገር ይኖረዋል ብላ አላሰበችም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስትደርስ አልጋው ተነጥፎ ጠበቃት።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ፣ ቆይቶም ባዶ ሆነ። እትዬ የስፌት መኪናውን ሳትነካ ሰነበተች። ሁለቱ እንስሳት ከረጢት በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሲጮኹ ጩኸታቸው ጭንቅላቷን ይበሳዋል። "እባካችሁ ተዉኝ" ትላቸዋለች። በኋላ መጮኹን ተዉት፤ እፎይ አለች።

አንድ ጠዋት ድርቆሽ ስታስገባ ዳንቴል ከጥግ አልተነሣችም። ተኝታ ይሆናል ብላ ሄደች። ማታ ላይ ስትነካት ደርቃለች። እትዬ በጨርቅ ቁራጭ ጠቀለለቻትና ከግቢው አጥር ሥር ቀበረቻት። ስትመለስ ቁልፍን አየቻት። ወደ ውኃው ልትሄድ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች፣ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ቆመች። እትዬ ያን ጊዜ ገና አንሥታ እግሮቿን ዳበሰች።

በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማዋ ላይ ጭቃ አለ፣ ከከብት ሥራ የተመለሰች ትመስላለች። ቁልፍን በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቶቿን ጫን ጫን ስታደርግ እንስሳዋ ጮኸች።

"እናቴ፣ ምንድን ነው የሚመግቧት?"

"ድርቆሽ። ዳቦ።"

"አረንጓዴ ነገርስ? ቃሪያ፣ ቅጠላ ቅጠል?"

"ቃሪያ የሚሰጣቸው ወንድሜ ነበር።"

"እነዚህ እንደኛ ናቸው" አለች ሐኪሟ። "አብዛኛው እንስሳ ቫይታሚን ሲን ሰውነቱ ራሱ ይሠራዋል፤ እነሱ ግን አይችሉም፣ ከምግብ ማግኘት አለባቸው። በቀን አንድ ቁራጭ ቃሪያ ይበቃ ነበር። ሁለት ሦስት ሳምንት ከተቋረጠባቸው መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ድዳቸው ይደማል።"

"ሌላኛዋ ሞተችብኝ። መታመሟን እንኳ አላወቅሁም።"

"አያሳውቁም። ደካማ መሆናቸው ከታየ አውሬ ይበላቸዋል፤ ተፈጥሯቸው ነው፣ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ሰው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከመሸ ነው።"

እትዬ እዚያው የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ወጣቷ ሐኪም ለአይጥ መሰል እንስሳ ይህን ያህል የሚያለቅስ ሰው አይታ አታውቅም ይሆናል፤ ግራ ገብቷት የቫይታሚኑን ጠብታ እንዴት እንደምትሰጣት ቀስ ብላ ጻፈችላት። "ቶሎ ከጀመሩላት ትድናለች። ግን ለብቻዋ አይተዋት" አለች።

ቁልፍ ዳነች። በሁለተኛው ሳምንት እግሮቿን ማንሣት ጀመረች። ሆኖም ከአንድ ጥግ ተቀምጣ የዳንቴልን ቦታ ስታይ መዋል እንጂ ሌላ ነገር አልነበራትም። እትዬ ተነሥታ ወፍ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ዐወቃት። ስለ ማሙሽ ስትነግረው ከጆሮው እርሳሱን አወጣና እጁ ውስጥ አገላበጠው።

"ልብስ ባደረሰ ቁጥር ጎራ ይል ነበር" አላት። "አንዴ የነገርኩትን እንኳ ያስደግመኛል። ድንች ቅጠል ይገድላል ወይ፣ ቃሪያው ፍሬው ይወጣ ወይ፣ ብርድ ቢመታቸውስ... እኔ በዕድሜዬ ለስንቱ ሸጫለሁ፣ እንደሱ ተመልሶ የጠየቀኝ የለም።"

"ለእኔም ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር" አለች እትዬ።

ሰውየው አራት ግልገሎች አወጣላት። ሁሉም ዓይናቸው የጠራ፣ አፍንጫቸው የደረቀ። እትዬ አንዳቸውንም አላነሣችም።

"አሮጊት የለህም?"

"ምን?"

"ግልገል ከወሰድኩ ቁልፍ ትሞትና ይቺኛዋ ለብቻዋ ትቀራለች። ለእሷ ሌላ፣ ለዚያች ሌላ። እኔ ደግሞ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ማን ሊረከበኝ?"

ወፍ ሻጩ ከኋላ ክፍል ገብቶ አንዲት ያረጀች ግራጫ ይዞ ወጣ። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ባለቤቶቿ ቤት ሲቀይሩ የመለሷት ናት። ማንም አይገዛትም ብሎ ከሁለት ግልገሎች ጋር ያኖራት ነበር። እንዴት እንደምታላምዳቸው ነገራት፤ ቤቱን በደንብ አጥባ፣ መጀመሪያ ሁለቱም በማያውቁት ቦታ እንድታገናኛቸው። እትዬ አስደገመችው።

የፊተኛው ክፍል ወለል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ለቀቀቻቸው። የመጀመሪያውን ቀን ጥርስ እያንቀጫቀጩ ተፋጠጡ፤ ግራጫዋ የቁልፍን ፀጉር ነጨች። በአራተኛው ቀን ጎን ለጎን ሆነው ድርቆሽ በሉ። መዋደድ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ብርድ ያገናኛቸው መንገደኞች ይመስሉ ነበር። ቢሆንም ቁልፍ ከጥግ ወጣች፤ ሌላ ስምንት ወር ኖረች። የሞተችው ታማ አይደለም፣ አርጅታ ነው። እትዬ የቁልፍ ክብደት እየቀነሰ ሲሄድ በየሳምንቱ ከሚዛኑ ላይ ስላየች ይህኛው ሞት አልተደበቀባትም። ከዳንቴል አጠገብ ቀበረቻት።

ግራጫዋ ግን እንደታሰበው ቁልፍን ተከትላ አልሞተችም። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ትበላለች፣ ከበላች በኋላ ሽቦውን ይዛ ትቆማለች። እትዬ አንዳንዴ ሥራዋን አቁማ ታያታለች። ማሙሽን ያላወቀች፣ እሱ ያልመረጣት፣ ስም እንኳ ያላወጣላት እንስሳ ናት። ሆኖም በዚያ ቤት ከእትዬ ሌላ የሚተነፍስ እሷ ብቻ ነበረች። አከራይዋ "ያዣት እንጂ፣ ለድምፅ ትሆንሻለች" አለቻት።

አንድ ማለዳ እትዬ ግራጫዋን በካርቶን አድርጋ ወጣች። ወፍ ሻጩ ከግራጫዋ ጋር የነበሩት ሁለቱ ግልገሎች አሁንም አሉት፤ አድገዋል።

"ሰለቸችሽ?" አላት።

"አልሰለቸችኝም። ብቻዋን ናት።"

ካርቶኑን ከፍታ አወጣቻትና ከሁለቱ ጋር አደረገቻት። መጀመሪያ ተሸታተቱ። ከዚያ ግራጫዋ በመካከላቸው ገብታ ድርቆሹን ፈልፍላ ተቀመጠች። እትዬ ጎንበስ እንዳለች ስለ ቃሪያው ነገረችው፤ በቀን አንድ ቁራጭ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ስለ ጥፍሯ ነገረችው። ዳቦ እንዳይሰጣት ነገረችው። ስትታመም እንደማትናገር፣ ስለዚህ በየሳምንቱ መመዘን እንዳለባት ነገረችው። ወፍ ሻጩ ይህን ሁሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያውቀው ኖሯል፤ ሆኖም እርሳሱን አውጥቶ በወረቀት ላይ ጻፈ።

"ሌላስ?" አላት።

"ሌላ የለም" አለች እትዬ።

ባዶውን ካርቶን በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ልብስ የምትረከብ ደንበኛ ነበረቻት፤ የልብሱ ጠርዝ ገና አልታጠፈም። መስኮቱን ከፈተችና ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሞከረች። በመጀመሪያው አልገባላትም።